ከኮምፒውተር ቅያሪ በኋላ ራም የሚይዙ የጀርባ ፕሮግራሞች፦ ከመካነ ሰላምና ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ወረዳዎች ሁኔታ አንጻር የቀረበ ዳሰሳ

አንድ መሥሪያ ቤት ወይም ግለሰብ አሮጌ ኮምፒውተሩን ትቶ ወደ ሌላ ሲዛወር በመጀመሪያዎቹ ቀናት በብዛት የሚነሣው ቅሬታ፣ የተሻለ አቅም አለው ተብሎ የተገዛው ኮምፒውተር ምንም ፕሮግራም ሳይከፈትበት ራሙ ከግማሽ በላይ ተይዞ መገኘቱና ከአሮጌው ባልተናነሰ መንቀራፈፉ ነው። ለዚህ ችግር በጥገና ሱቆችና በቢሮዎች የሚሰጡት ማብራሪያዎች ዕቃው የተጭበረበረ ነው፣ ቫይረስ ገብቶበታል፣ ወይም ዊንዶውሱ ተበላሽቷል የሚሉ ሲሆኑ፣ ለሦስቱም የሚታዘዘው መድኃኒት ግን ፎርማት ማድረግ ብቻ ነው። ጉዳዩ ሲመረመር ግን ራሙን የያዘው ማን እንደሆነ የሚወስነው በአመዛኙ ሥራው ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው የተዛወረበት መንገድ እንደሆነ ይታያል። በተጨማሪም ለእንዲህ ያለው ችግር በየመመሪያው የሚሰጠው «አንድ ሁለት ቀን ይታገሡት» የሚለው ምክር መብራትና ኔትወርክ የማይቋረጥበትን አገር አስቦ የተሰጠ በመሆኑ፣ በደጋ ወረዳዎቹ ላይ እንዳለ ሊሠራ አይችልም።

የቦረና ወረዳ መቀመጫ የሆነችው መካነ ሰላም ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ስትሆን፣ ወግዲን፣ ከላላንና ሳይንትን የመሳሰሉት አጎራባች ወረዳዎችም ለመለዋወጫና ለከበድ ያለ ጥገና ዞሮ ዞሮ ደሴን ወይም አዲስ አበባን የሚመለከቱ ናቸው። በከተማዋ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ ይገኛል፤ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች፣ ባንኮች፣ የጤና ተቋማትና የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶችም ሥራቸው በኮምፒውተር ላይ የቆመ ነው። በዚህ አካባቢ «አዲስ ኮምፒውተር» የሚባለው ከካርቶን የወጣ ሳይሆን ከውጭ ገብቶ በድጋሚ የተሸጠ፣ ለገዢው ብቻ አዲስ የሆነ ላፕቶፕ ሊሆን ይችላል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማቆሙ ደግሞ ቅያሪውን አፋጥኖታል፤ ምክንያቱም ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ብዙዎቹ የቆዩ ማሽኖች መስፈርቱን አያሟሉም። የርቀቱ ጉዳይ የሚነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በተሳሳተ ግምት ራም ለመቀየር ወይም ዕቃ ለመመለስ ደሴ ድረስ የሚደረግ ጉዞ የሚያስወጣው ገንዘብና የሚፈጀው የሥራ ቀን ከባድ ስለሆነ፣ ምርመራው በቦታው በትክክል መካሄዱ ከትልልቆቹ ከተሞች ይልቅ እዚህ የበለጠ ዋጋ አለው።

ራም ማለት ኮምፒውተሩ በወቅቱ የሚሠራባቸውን ፕሮግራሞችና መረጃዎች የሚያኖርበት፣ ኃይል ሲቋረጥ ይዘቱን የሚያጣ ፈጣን የማኅደረ ትውስታ ክፍል ነው። ከራሙ የተረፈውን ወደ ዲስክ እያወረዱና ሲፈለግ መልሰው እየጫኑ የመሥራት ዘዴ፣ ማለትም ቨርቹዋል ሜሞሪ የሚባለው፣ በእንግሊዝ አገር ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1962 ሥራ በጀመረው አትላስ በተባለ ኮምፒውተር ላይ የተተገበረ ሲሆን፣ የዘዴውን ድክመት በጥልቀት ያብራራው ፒተር ዴኒንግ የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ነው። ዴኒንግ እ.ኤ.አ. በ1968 ባቀረባቸው ጽሑፎች እንዳሳየው፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም በአንድ ወቅት በእጁ ሊኖሩት የሚገቡ የማኅደረ ትውስታ ገጾች ስብስብ አለው፤ የፕሮግራሞቹ ስብስብ ተደምሮ ከራሙ ሲበልጥ ማሽኑ ሥራውን ትቶ ገጽ ሲያወርድና ሲጭን ይውላል። ተጠቃሚው «ሃንግ አደረገ» የሚለው ሁኔታ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ በተለይ ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ባለው ማሽን ላይ የዲስኩ መብራት ያለማቋረጥ ሲበራ፣ የመዳፊቱ ቀስት ደግሞ እየቆመ ሲሄድ ይታያል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ራሙ ምን ያህል ተይዟል የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ የያዘው ክፍል ሲፈለግ ወዲያው የሚለቀቅ ነው ወይስ አይደለም የሚለውም ነው።

ይህን ለመለየት ተጨማሪ ፕሮግራም መጫን አያስፈልግም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና እስኬፕ የተባሉት ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ በውስጡ ፐርፎርማንስ በሚለው ገጽ ሜሞሪ ሲመረጥ በሥራ ላይ ያለው፣ ሊገኝ የሚችለው፣ ቃል የተገባው፣ በካሽ የተቀመጠው፣ እንዲሁም ፔጅድ ፑልና ነን-ፔጅድ ፑል የተባሉት መጠኖች ተለያይተው ይቀርባሉ። ካሽ የሚባለው ቀደም ሲል ተነብቦ ምናልባት እንደገና ይፈለጋል ተብሎ የተቀመጠ መረጃ ሲሆን፣ ሌላ ፕሮግራም ቦታ ሲፈልግ ስለሚለቀቅ ሊገኝ በሚችለው መጠን ውስጥ ይቆጠራል። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ሱፐርፌች፣ ኋላም ሲስሜይን የተባለው አገልግሎት የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ተጠቃሚው በተደጋጋሚ የሚከፍታቸውን ፕሮግራሞች አስቀድሞ ወደ ራም ያመጣል። ቃል የተገባው የሚለው ቁጥር ግን ሌላ ነገር ይናገራል፤ ሥርዓቱ ለፕሮግራሞች የፈቀደው ጠቅላላ መጠን ሲሆን፣ ጣሪያው ራሙና ፔጅ ፋይል የተባለው የዲስክ ክፍል ተደምረው ነው። ይህ ቁጥር ጣሪያውን ሲነካ፣ ራሙ ላይ ባዶ ቦታ እየታየም ቢሆን ፕሮግራሞች ማኅደረ ትውስታ አለቀ እያሉ ይዘጋሉ። ቀጥሎ የሚሠራው ቀላል ድምር ነው፤ ለምሳሌ 8 ጊጋባይት ባለው ማሽን ላይ 6 ጊጋባይት በሥራ ላይ ነው ቢባልና በፕሮሰስ ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሲደመሩ 2 ተኩል ብቻ ቢሆኑ፣ የቀረውን የያዘው በዝርዝሩ ላይ ስሙ የማይታይ አካል፣ ብዙውን ጊዜም ድራይቨር ነው። ድራይቨር ማለት የኔትወርክ ካርድን፣ ፕሪንተርንና የመሳሰሉትን ዕቃዎች ከሥርዓተ ክወናው ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም ነው።

ወደ መዛወሪያ መንገዶቹ ሲመጣ፣ በጥገና ባለሙያዎች ዘንድ የተለመደውና ለክርክር የሚጋብዘው የአሮጌውን ዲስክ እንዳለ ነቅሎ በአዲሱ ማሽን ላይ መግጠም ወይም ክሎን ማድረግ፣ ማለትም ይዘቱን ሳይቀንሱ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ነው። ባለሙያዎቹ ይህን የሚመርጡበት በቂ ምክንያት አላቸው፤ የሒሳብ መሥሪያውን ፒችትሪን፣ የአማርኛ መጻፊያውን ፓወር ግዕዝንና የፕሪንተር ድራይቨሮችን እንደገና መጫን የመጫኛ ሲዲ፣ የምዝገባ ቁጥርና ከሁሉም በላይ ጊዜ ይጠይቃል። ዳሩ ግን ዲስኩ ሲዛወር የአሮጌው ማሽን ልማድ ሁሉ አብሮ ይጓዛል። በአዲሱ ማሽን ላይ የሌሉ ዕቃዎች ድራይቨሮችና የአምራቹ መቆጣጠሪያ ፕሮግራሞች በየማስነሻው ይጀምራሉ፤ ጊዜው ያለፈበት አንቲቫይረስ አብሮ ሲመጣም ከዊንዶውሱ የራሱ ጥበቃ ጋር ሊሻማ ይችላል። የአሮጌው ማሽን ራም አነስተኛ ስለነበር ፔጅ ፋይሉ በእጅ ተወስኖለት ወይም ጭራሽ ተዘግቶ ከሆነም፣ ያ ውሳኔ በአዲሱ ላይ ይጸናል። ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ 32 ቢት የሆነ ዊንዶውስ ያለበት ዲስክ ሲዛወር የሚፈጠረው ነው፤ እንዲህ ያለው የዴስክቶፕ ሥርዓት ከ4 ጊጋባይት በላይ መጠቀም ስለማይችልና ከዚያም ላይ የተወሰነው ለሌሎች ክፍሎች ስለሚያዝ፣ 8 ጊጋባይት የተገጠመለት ማሽን ከ3 ጊጋባይት ብዙም ባልዘለለ ራም ይሠራል። እዚህ ላይ ራም የሚበላ ፕሮግራም መፈለግ ከንቱ ድካም ሲሆን፣ ሻጩንም ያለ ጥፋቱ ያስወቅሳል።

ፋይሎችን ብቻ በፍላሽ ወይም በውጫዊ ዲስክ ገልብጦ ሥርዓቱን አዲስ ማድረግ ንጹሕ መንገድ ቢሆንም፣ የራሱን ጊዜያዊ ጫና ይፈጥራል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ፋይሎች በአንድ ጊዜ ሲገቡ፣ አንቲማልዌር ሰርቪስ ኤክስኪዩተብል በሚል ስም የሚታየው የዊንዶውስ ጥበቃ እያንዳንዱን ይመረምራል፤ ዊንዶውስ ሰርች የተባለው አገልግሎት ደግሞ ፋይሎቹን እያነበበ ማውጫ ያዘጋጃል፤ በማይክሮሶፍት አካውንት የተገባ እንደሆነም ዋንድራይቭ ሰነዶቹን ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ መላክ ይጀምራል። እነዚህ ሥራዎች ሲጠናቀቁ ጫናው በራሱ ይቀንሳል፤ ታገሡ የሚለው ምክር የሚመነጨውም ከዚህ ነው። ጥያቄው ግን መቼ ይጠናቀቃሉ የሚለው ነው። ማውጫ አዘጋጁ ተጠቃሚው በሥራ ላይ ሳለና ማሽኑ ባትሪ ላይ ሲሆን ፍጥነቱን ይቀንሳል ወይም ያቆማል፤ ማሽኑ ኃይል ተሰክቶለት ያለ ሥራ ሲቀመጥ ደግሞ ይሮጣል። ቀን መብራት እየሄደና እየመጣ፣ ሠራተኛው መብራት በመጣ ቁጥር ሥራውን ለማካካስ ሲጣደፍ፣ ማታ ደግሞ ማሽኑ ጠፍቶ ሲቆለፍበት፣ ለአገልግሎቱ የሚተርፈው ሰዓት ከምንም አይቆጠርም። ሌላው ቦታ በአንድ ሌሊት የሚያልቀው ሥራ እዚህ ሳምንታት ሊወስድ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ዴስክቶፑ ላይ መብራት ድንገት ሲጠፋ የማውጫው ፋይል ሊበላሽና ሥራው ከመጀመሪያው ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ የትዕግሥቱ ልክ መቆጠር ያለበት ማሽኑ ተሰክቶና ሥራ ፈቶ ባሳለፋቸው ሰዓታት እንጂ በቀናት አይደለም፤ ላፕቶፑን ሆን ብሎ ከኃይል ጋር እንደተሰካ፣ እንዳያንቀላፋ ተደርጎ አንድ ሌሊት ማሳደር ከማንኛውም ማስተካከያ አስቀድሞ ሊሞከር የሚገባው ነው።

ከዚሁ ጋር ተያይዞ ብዙም የማይነሣ አንድ ነገር አለ። በየጽሕፈት ቤቱ የተከማቹት የአማርኛ ደብዳቤዎችና ሪፖርቶች ከፊላቸው የተጻፉት ዩኒኮድን በማይከተሉ አሮጌ የግዕዝ ፎንቶች ነው። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው እትም 3.0 ቢሆንም፣ የቀድሞዎቹ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ የሚያሳርፉ በመሆናቸው፣ ማውጫ አዘጋጁ ከነዚህ ሰነዶች የሚያነበው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ድርድር ነው። ተጠቃሚው በዩኒኮድ «በጀት» ብሎ ቢፈልግ አንዱንም አያገኝም። እንዲህ ያሉትን ማኅደሮች ከማውጫው ዝርዝር ማስወጣት ሥራውን በእጅጉ የሚቀንስ ሲሆን፣ በይዘት ፍለጋ ረገድ የሚያሳጣው ነገር የለም፤ በፋይል ስም መፈለግም፣ ዝግ ቢልም፣ አይቀርም።

የኢንተርኔቱ ጉዳይም ተመሳሳይ ነው። በስልክ ሆትስፖት የሚሠራ ሰው በአሮጌው ማሽን ላይ ግንኙነቱን ሜተርድ፣ ማለትም በመጠን የሚከፈልበት፣ ብሎ መዝግቦት ሊሆን ይችላል፤ ዊንዶውስ ይህን ሲያውቅ አብዛኛውን የጀርባ ማውረድ ይገታል። ምዝገባው ግን የዚያ ማሽን ብቻ በመሆኑ በንጹሕ ጭነት ወደ አዲሱ አይሻገርም። አዲሱ ማሽን ሆትስፖቱን ገደብ የሌለው መስመር አድርጎ ስለሚቆጥረው ዊንዶውስ አፕዴት፣ የስቶር ፕሮግራሞችና ዋንድራይቭ በአንድነት ይነሣሉ፤ የተገዛው ጥቅል ያልቃል፣ ማውረዱ ይቋረጣል፣ በማግሥቱም እንደገና ይጀመራል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ለወራት የቆየው የሞባይል ኢንተርኔት መቋረጥ ይህን ዓይነቱን ጫና በግልጽ የሚያጎላ ሁኔታ ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ሳይታደስ የቆየ ማሽን መስመር ባገኘ ቀን የተጠራቀመውን ሁሉ በአንዴ ለማውረድና ለመጫን ይሞክራልና።

ሌሎች ፕሮግራሞች ደግሞ ራም የሚይዙት በባሕርያቸው ነው። በአገሪቱ የግል ድርጅቶችና በሒሳብ ሥልጠና በስፋት የሚሠራበት ፒችትሪ ከጀርባው ፐርቫሲቭ የተባለ የዳታቤዝ ሞተር ያስነሣል፤ ፒችትሪው ቢዘጋም ሞተሩ በጀርባ መሥራቱን ይቀጥላል። ኤስኪውኤል ሰርቨር የተባለውን የዳታቤዝ ሞተር የሚጠቀሙ ሥርዓቶች ደግሞ ካልተገደቡ ያገኙትን ራም ለካሽ እየያዙ የሚሄዱ ናቸው፤ ይህ ጉድለት ሳይሆን አምራቹ ያሰበው አሠራር ሲሆን፣ ትክክለኛው መፍትሔ ሞተሩን መግደል ሳይሆን የከፍተኛ መጠን ገደብ መስጠት ነው። እንደ አይቤክስ ያሉ የመንግሥት የበጀትና የወጪ መመዝገቢያዎች ያሉበት የወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት በጀርባ የሚሠራን የማይታወቅ ሞተር በድንገት ከመዝጋቱ በፊት ባለሙያውን መጠየቅ ይኖርበታል፤ በመጻፍ ላይ ያለ መዝገብ ሊጎዳ ይችላልና። የጤና ተቋማት ሪፖርት የሚያስገቡበት ዲኤችአይኤስ2 ደግሞ በብራውዘር የሚከፈት በመሆኑ የሚይዘው ራም በክሮም ወይም በኤጅ ስም ይመዘገባል። ሁለቱም ብራውዘሮች ከተዘጉ በኋላም ከጀርባ እንዲቆዩ የሚያደርግ ማስተካከያ አላቸው፤ አካውንቱ በአዲሱ ማሽን ሲከፈት የቀድሞዎቹ ተጨማሪ መሣሪያዎች ሁሉ ተከትለው ስለሚመጡም፣ ብራውዘሩን እንደ አዲስ ማየት ስሕተት ነው።

የቫይረሱ ማብራሪያ ብዙ ጊዜ ያለ ማስረጃ ይነገር እንጂ ሁልጊዜ ሐሰት አይደለም። በፍላሽ የሚዛመተውና ማኅደሮችን ወደ ሾርትከት የሚቀይረው ተንኮል አዘል ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ደብልዩስክሪፕት በተባለው የዊንዶውስ ክፍል ተጠግቶ ይሠራል፤ ዛሬ ፋይል ከተዛወረበት ፍላሽ ጋር አብሮ ቢመጣ የሚያስደንቅ አይደለም። ከዚህ የሚብሰው ዊንዶውስን ያለ ፈቃድ ለማንቀሳቀስ ከሚጫኑ አክቲቬተሮች ጋር የሚገባው የክሪፕቶ ቆፋሪ ነው፤ ሞኔሮ የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ ለመቆፈር የሚያገለግለው ራንደምኤክስ የተባለ ስሌት በፈጣን አሠራሩ ብቻውን ከ2 ጊጋባይት በላይ ራም ስለሚፈልግ፣ 4 ጊጋባይት ባለው ማሽን ላይ ግማሹን ይወስዳል። ምልክቱም ታስክ ማናጀር ሲከፈት ፕሮሰሰሩ ድንገት ዝም ማለቱ፣ ሲዘጋ ደግሞ ማራገቢያው እንደገና መጮሁ ነው፤ አንዳንዶቹ መቆጣጠሪያው መከፈቱን አይተው ይደበቃሉ።

እውነተኛው የራም ፍሳሽ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የወሰደውን ሳይመልስ መጠኑን እያሳደገ የሚሄድበት ጉድለት፣ ከሁሉም ያነሰ ድርሻ ያለው ቢሆንም ለመለየት የሚያስቸግረው እሱ ነው። መለያው ከፍተኛነቱ ሳይሆን አለመቆሙ ነው፤ ማሽኑ እንደተነሣ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላና ማታ የተመዘገበው መጠን ሥራ ሳይጨምር እያደገ ከሄደ ፍሳሽ አለ ማለት ነው። እያደገ ያለው ነን-ፔጅድ ፑል፣ ማለትም ወደ ዲስክ ሊወርድ የማይችለው የድራይቨሮች ድርሻ፣ ሆኖ ከተገኘ ጥፋተኛው ድራይቨር ነው፤ በጤነኛ ማሽን ላይ በሜጋባይት የሚቆጠረው ይህ ክፍል ወደ ጊጋባይት ሲያልፍ፣ ፑልሞን የተባለው የማይክሮሶፍት መሣሪያ የድራይቨሩን ባለ አራት ፊደል ምልክት ያሳያል። በዚህ ረገድ በዓለም ዙሪያ ስሙ የሚነሣው ኤንዲዩ የተባለው የዊንዶውስ ክፍል ነው፤ ሥራው እያንዳንዱ ፕሮግራም የተጠቀመበትን የኢንተርኔት መጠን መቁጠር ሲሆን፣ ከአንዳንድ የኔትወርክ ድራይቨሮች ጋር ሳይስማማ ሲቀር ራሙን እየሞላ ይሄዳል። የሚሰጠው ምክርም ሬጂስትሪ በተባለው የዊንዶውስ የማስተካከያ መዝገብ ውስጥ ክፍሉን መዝጋት ነው። ምክሩ ይሠራል፤ ነገር ግን ጥቅል እየገዛ ለሚጠቀም ሰው የትኛው ፕሮግራም ኢንተርኔቱን እንደጨረሰበት የሚነግረው ቆጣሪ አብሮ ይዘጋል። ስለዚህ የኔትወርክ ካርዱን ትክክለኛ ድራይቨር ከላፕቶፑ አምራች አውርዶ መጫን ቢቀድም የተሻለ ነው።

በገበያው የሚዘዋወሩት «ራም አጽጂ» ፕሮግራሞች ከመፍትሔዎቹ ሁሉ የከፉ ናቸው። አብዛኞቹ የሚሠሩት እያንዳንዱ ፕሮግራም የያዘውን ገጽ በግድ በማስለቀቅ ነው፤ የተለቀቀው ወዲያው ስለሚፈለግ ከዲስክ እንደገና ይጫናል፣ ቁጥሩ ለጊዜው ዝቅ ብሎ ይታያል፣ ማሽኑ ግን ይበልጥ ይዘገያል። ሲስሜይንን መዝጋትም በተሽከርካሪ ዲስክ ላይ አልፎ አልፎ እፎይታ ቢሰጥም፣ ኤስኤስዲ ባለው ማሽን ላይ የሚያመጣው ለውጥ እምብዛም ነው። ፎርማት ማድረግ 32 ቢት ዊንዶውስና የአሮጌ ድራይቨር ክምችት ባለበት ዲስክ ላይ ተገቢ መድኃኒት ነው፤ በማውጫ ዝግጅት ላይ ያለን ማሽን ፎርማት ማድረግ ግን ያንኑ ሥራ ከመጀመሪያው ማስጀመር ብቻ ነው። በማክ ኮምፒውተሮችም፣ በአካባቢው ብዙ ባይታዩም፣ ነገሩ ከዚህ አይለይም፤ ማይግሬሽን አሲስታንት ሥራውን ሲጨርስ የስፖትላይት ማውጫና የፎቶ ትንተናው ይነሣሉ፣ መታየት ያለበትም የተያዘው መጠን ሳይሆን የሜሞሪ ግፊት የሚለው ቀለማዊ መስመር ነው።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ ማሽኑ ረጋ ብሎ፣ ስታርታፕ ከሚለው ገጽ እንደ ቴሌግራም ያሉት ሲበራ አብረው የሚነሡ ፕሮግራሞች ተቀንሰው፣ አሁንም ቃል የተገባው መጠን በመደበኛ የሥራ ቀን ከራሙ በብዙ የሚበልጥ ከሆነ፣ የጎደለው ራም ራሱ ነው። 4 ጊጋባይት ዊንዶውስ 11ን ለማስነሣት እንጂ ፒችትሪን፣ ዎርድንና ብራውዘርን አንድ ላይ ለማሠራት አይበቃም። መለዋወጫው ከመታዘዙ በፊት ግን ሁለት ነገር መታየት አለበት፤ አንደኛው ራሙ በቦርዱ ላይ የተበየደ ወይም የሚነቀል መሆኑ ሲሆን፣ ሁለተኛው ዓይነቱ ነው። የዲዲአር3 እና የዲዲአር4 ሰሌዳዎች የጥርስ ክፍተታቸው የተለያየ ቦታ ላይ ስለሆነ አንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገባም፤ በታስክ ማናጀር የሜሞሪ ገጽ ላይ የሚታየው ፍጥነትና የተያዙት ማስገቢያዎች ብዛት ተመዝግቦ፣ ከተቻለም አሮጌው ሰሌዳ ተነቅሎ ከተላኪው ጋር ቢላክ፣ ደሴ ላይ ያለው ሻጭ የሚሰጠው ትክክለኛውን ይሆናል።